ጋሽ ኃይሉ ያስነበቡኝ ጥናት

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው፤ አርባ ምንጭ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራ ነበር። አንድ ቅዳሜ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህሬ የነበሩት ጋሽ ኃይሉ ሲቀላ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው አስጠሩኝ። እጃቸው ላይ ከውጭ የተላከላቸው የጥናት ወረቀት አለ። ፔፕታይድ የሚባል፣ ከፕሮቲን ያነሰ ንጥረ ነገር ለመርሳት ችግር መድኃኒት ይሆናል ይላል።

"ለአልማዝ ነው" አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "መርሳት ጀምራለች። እስቲ አንብበውና እውነቱን ንገረኝ።"

ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ እዚያው አጠገባችን ሙዝ እየላጡልኝ ይሰማሉ። የምገባበት ጠፋኝ። አንብቤ ስጨርስ፣ ፈገግ ቢሉልኝ ብዬ፣ ክፍል ውስጥ እሳቸው ራሳቸው በቃላችን ያስያዙንን ጥያቄዎች አነሳሁ።

"በማን ላይ ተሞከረ? በአይጥ ብቻ። መድኃኒቱን ካልወሰዱት ጋር ተነጻጸረ? አልተነጻጸረም። ወጪውን ማን ቻለ? መድኃኒቱን የሚሸጠው ድርጅት። ጋሼ፣ ይሄ ተስፋ የሚጣልበት አይደለም።"

በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። "ጎበዝ ነህ። እንዲህ አድርጎ ማንበብ ማን አስተማረህ?"

እትዬ አልማዝን አየኋቸው። ሙዙን አስቀምጠው የባላቸውን እጅ ያዙ።

"አንድ ጥሩ መምህር ነበሩኝ" አልኩ።

"ታድለህ" አሉኝ።