የጎባ ገበያ ጆሮ

ጠገራ ብር በጎባ ገበያ በሚያቃጭልበት በዚያ ደግ ዘመን፣ ማር የሸጠ ሁሉ ገንዘቡን ይዞ ዓይነ ስውሩ አቶ ነገሪ ዘንድ ይሄድ ነበር። እሳቸውም ብሩን ጥቁሩ ድንጋያቸው ላይ ጣል አድርገው ያዳምጡና «ደህና ነው፣ ውሰድ» ወይም «ይኼ ቆርቆሮ ነው፣ ሂድ ሌባውን ያዘው!» ይላሉ። አንድ ቀን እንኳ ተሳስተው አያውቁም።

ኋላ መንግሥት «በአገሬ የባዕድ ገንዘብ አያዝም» ብሎ ጠገራውንም የእንግሊዝ ሽልንጉንም እየሰበሰበ የራሱን የወረቀት ብር አወጣ። ከደሎ መና ማር የሚያመጣው ጫሊ አዲሱን ብር እንደ ልማዱ አመጣላቸው።

«ኦቦ ነገሪ፣ እስቲ ይዩልኝ።»

አቶ ነገሪ ወረቀቱን ድንጋዩ ላይ ለቀቁት። ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ጠበቁ፣ ጠበቁ።

«ጫሊ» አሉ በመጨረሻ፣ «ወደቀ እንዴ?»