ሠርግ ቤት የገባው «ያጥናችሁ»

ማናሴ አዳማ በሚገኝ አንድ የሉተራን ሴሚናሪ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። የቆቃ ዓሣ አጥማጅ ልጅ ይሁን እንጂ ምላሱ የጠበቃ ነው። ክፍል ውስጥ ስለ ጸጋ ከተጠየቀ መምህሩ «በቃህ፣ ለሌላውም ተውለት» እስኪሉት ድረስ አያቆምም። ፈተና የሚባል ነገር አያስፈራውም። የሚቸግረው ልቅሶ ቤት ነው።

ለተግባር ልምምድ የተመደበው በቄስ ጀቤሳ ሥር ነበር። ባለፈው አብረው ልቅሶ ሲደርሱ ማናሴ ትንሣኤን ከግሪክኛው ጀምሮ ሲተነትን ግማሹ ለቀስተኛ አንቀላፋ፤ የሟች እናት ጭምር ልቅሷቸውን አቋርጠው «ይሄ ልጅ መቼ ነው የሚጨርሰው?» ብለው ጠየቁ። ኋላ ቄሱ እቅጩን ነገሩት።

«ነገ ደራ ከተማ ብቻህን ትሄዳለህ። ወይዘሮ ሸዋወርቅ ባላቸው አርፈው ዛሬ ቀብረዋል። ከገበያው ጀርባ ድንኳን ታያለህ። እኔም ቆይቼ እመጣለሁ። ሰው ማጽናናት ካላወቅህ ግን አትመረቅም፤ ዓመቱን ትደግማለህ።»

ቆቃ ያለችው ትንሿ ማኅበረ ምዕመናን ቄስ ካጣች ቆይታለች፤ የምትጠብቀውም እሱን ነው። ማናሴ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም።

ጠዋት ደራ ወርዶ ከገበያው ጀርባ ድንኳን አየ። በሩ ላይ ሴቶች ተቀምጠው እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። አንገቱን ደፍቶ ገባና «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብሎ አግዳሚው ጫፍ ላይ ኩምትር አለ።

ሁሉም ዞረው አዩት። ለካ ሴቶቹ ሽንኩርት እየከተፉ ነው! ቤቱ የሠርግ ቤት ነው።

«ምን አልክ አንተ?» አለች የሙሽራዋ እናት ጥሩነሽ፣ ቢላዋዋን እንደያዘች ብድግ ብላ። «በልጄ ሠርግ ዋዜማ ታሟርትብኛለህ?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ማናሴ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። «ል... ልቅሶ ቤት መስሎኝ ነው» ከማለት በቀር ያ ሁሉ ምላስ ከዳው። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ጥሩነሽ ግን ፊቷ እንደጠቆረ ማዶ ያለውን ድንኳን አሳየችው።

ልቅሶ ቤት ሲደርስ ያጠናው ሁሉ ከአእምሮው ተኖ ጠፍቷል። ወይዘሮ ሸዋወርቅ አጠገብ ተቀምጦ ዝም አለ።

«ምን ሆነሃል ልጄ? ፊትህ አመድ መሰለ እኮ» አሉት እሳቸው ራሳቸው።

ሊዋሽ አልሆነለትም፤ የሆነውን አንድ በአንድ ነገራቸው። ወይዘሮ ሸዋወርቅ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሳቁ። ስቀው ስቀው ደግሞ አለቀሱ። «እሱ ሰምቶ ቢሆን ምን ያህል ይስቅ ነበር!» ብለው የባላቸውን ጨዋታ እያነሱ አወጉት። ማናሴም አዳመጠ።

በዚህ መሃል ጥሩነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች።

«እትዬ ሸዋዬ፣ ትናንት ቀብሩ ላይ አልቅሼ ስመለስ ስለ ሠርጉ ልነግርዎት አፌ አልፈታ አለኝ። የተጠራ ሰው መመለስ አልቻልኩም። ሐዘን ላይ ተቀምጠው ደጅዎ ላይ ከበሮ ላስመታ? ስጨነቅ አድሬ፣ የልጁን ‹ያጥናችሁ› ስሰማ እግዜር የገሠጸኝ መሰለኝ።»

«ይመታ እንጂ! በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኋት ልጅ አይደለች እንዴ?» አሉ። ተቃቅፈው ተላቀሱ።

ቄስ ጀቤሳ የደረሱት ይሄኔ ነው። «እንዴት ነው፣ ሰበከ?» ብለው ጠየቁ።

«ኧረ አንድም ቃል አልሰበከልኝ» አሉ ወይዘሮ ሸዋወርቅ። «ዝም ብሎ አብሮኝ ነው የዋለው።»

ማናሴ አለቀልኝ አለ። ቄሱ ግን ትከሻውን ያዝ አድርገው በጆሮው «ቆቃ ደውል። ቄሳችሁ እየመጣ ነው በላቸው» አሉት።

እፎይታው ሲመጣ እንባውን ይዞት መጣ። ማናሴ ተንሰቀሰቀ። ለቀስተኛውም የሟች ነገር አንጀቱን በልቶት መስሎት አብሮት አለቀሰ።