በግማሽ ዙር የቆመው እጀታ

በእጅ የሚዞር ነገር ባየሁ ቁጥር፣ የቆርቆሮ መክፈቻም ይሁን የድሮ መኪና መስኮት፣ ጋሽ ምትኩ ትዝ ይለኛል። ትዝ ሲለኝ ደግሞ ደሜ ይፈላል። ልጅ እያለሁ ባሕር ማዶ፣ ሚድ ሲቲ በሚባል ሰፈር የምንኖርበት አፓርትመንት ምድር ቤቱ ላይ ነበር የሚኖረው። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካለ ምግብ ቤት ጀርባ የሰው መኪና ፓርክ ያደርጋል፤ አዲስ አበባ እያለ ግን የጽሕፈትና የሒሳብ መኪና ጠጋኝ ነበር። ቤቱ የማሽን ዘይትና የነጭ ሽንኩርት ሽታ ነበረው። ልጅ አይወድም። እኔም እሱን አልወድም ነበር፣ ኦኬ? ይሄ ከመጀመሪያው ይታወቅልኝ።

ጠረጴዛው ላይ ከአገር ቤት ታቅፎ ያመጣው ጥቁር የሒሳብ መኪና ነበር። ኤሌክትሪክ የለው፣ ባትሪ የለው። ቁጥሩ በትንንሽ መጎተቻዎች ይሞላል፤ እጀታው ወደ ፊት ሲዞር ይደምራል፣ ወደ ኋላ ሲዞር ይቀንሳል። የሚያካፍለው ደጋግሞ በመቀነስ ነው። አንድ ዙር ከበዛ ደወሉ «ትን» ይላል፣ ያኔ አንዱን መመለስ ነው። ጋሽ ምትኩ በየዓመቱ ጾም ሳይገባ ባሕረ ሐሳብ ያወጣበት ነበር። ዓመተ ዓለሙን ለአሥራ ዘጠኝ እያካፈለ፣ ከቀሪው ተነስቶ ፋሲካ የሚውልበትን ቀን ይነግረናል። ቀኑ እኮ ታትሞ ግድግዳችን ላይ ተሰቅሏል! እሱ ካልነገረን ግን አይሆንለትም።

አምስተኛ ክፍል ስደርስ አስተማሪያችን የአንድ ፈጠራ ታሪክ አቅርቡ አለችን። ታክሲ የሚነዳው አባቴ የጋሽ ምትኩ ወዳጅ ነበርና እየጎተተ ወሰደኝ። ጋሽ ምትኩ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቤት ስመለስ አሰቃየኝ። ለግብር ሰብሳቢ አባቱ ድካም አዝኖ፣ ጥርስ ባላቸው መሽከርከሪያዎች የሚደምር ሳጥን ስለሠራው ፈረንሳዊ ወጣት ነገረኝ። የሚያባዛ ማሽን ሠርቶ፣ አሥር ሲሞላ አንዱን ወደሚቀጥለው ቤት በደንብ ማሻገር ስላቃተው ጀርመናዊ ፈላስፋም ነገረኝ። ስማቸውን ሁሉ ይጠራ ነበር። በጣም የሚወደው ግን ከብረት ሠራተኛው ጋር ተጣልቶ ትልቁን ማሽን ሳይጨርስ ስለቀረው እንግሊዛዊ ማውራት ነበር። «ሁለት ግትሮች!» ይልና ይስቃል። ሌላ ጊዜ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ስሳሳት «አንቺ የታብሌት ልጅ! ጣትሽ መንካት እንጂ መያዝ አያውቅም» ይለኛል።

ማሽኑን አውሰኝ ስለው እምቢ አለ። አባቴ ለምኖ፣ ተቆጥቶ አስፈቀደው። ሲሰጠኝም «እጀታውን አንዴ ከጀመርሽ ዙሩን ጨርሺ። መሃል ላይ ቁጥር እንዳትነኪ» አለኝ።

ነካሁ። ክፍል ውስጥ፣ ሁሉም እያየኝ፣ ቁጥር መሳሳቴ ገባኝና በግማሽ ዙር ላይ መጎተቻውን በጉልበት ገፋሁት። ቀጭ አለ። እጀታው ወደ ፊትም ወደ ኋላም አልሄድም አለ። ልጆቹ ሳቁ። ከሰዓት በኋላ ከአባቴ ጋር ሆኜ ስመልስለት ታዲያ ምን አልኩት? «ድሮም የተበላሸ ነው የሰጠኸኝ።»

እጀታውን አየ፣ እኔን አየ። «ይሄ በራሱ አይቆምም። ምን እንዳደረግሽ ንገሪኝ፣ በቃ።»

«ምንም አላደረግኩም!»

«ውሸታም!»

አባቴ «ልጄን ነው ውሸታም የምትላት?» ብሎ ተነሳበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ በር እየገባንና እየወጣን ሰላምታ ቀረ። ሽማግሌ ገባ። ጋሽ ምትኩ ካሳም ይቅርታም አልፈልግም፣ እኔ ነኝ ትበል ብቻ አለ። እኔስ ለእኔ ብሎ ከወዳጁ የተጣላ አባቴ ፊት ምን አፍ አለኝ? አላልኩም። ለአንድ ብረት ይሄ ሁሉ! ብዬ ጠላሁት። እሱ ደግሞ፣ እልኸኛ፣ በአንድ ሰዓት ሊጠግነው ሲችል ማሽኑን እንደቆመ መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። ከትምህርት ቤት ስመለስ በየቀኑ በዚያ መስኮት በኩል ነው የማልፈው። ሆን ብሎ ነው ያደረገው! ለልጅ እንዲህ ያለ ቅጣት አለ?

ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ባለፈው ወር፣ አሁን የሚኖርበት ሃውቶርን ከተማ፣ እህቱ ቤት ሄድኩ። አባቴ እስካሁን ስሙ ሲነሳ ፊቱን ያዞራል። ማሽኑ እዚያም መስኮት ላይ ነው፣ እጀታው በግማሽ ዙር። ሰላምታ ሳልጨርስ «እኔ ነኝ የሰበርኩት ጋሼ። መሃል ላይ ቁጥር ነካሁ» አልኩት።

«አውቃለሁ። ሁለት ብሎን ፈትቶ መመለስ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልሠራኸውም?»

«አብረን ልንሠራው ነበራ!» ብሎ ጮኸብኝ። «ስትነግሪኝ ላሳይሽ ነበር!»

ከመሳቢያው ብሎን መፍቻ አወጣ። ብሎኑ ላይ ሊያሳርፈው ሞከረ፣ ተንሸራተተ። እጁ ይንቀጠቀጣል። ሦስቴ ሞክሮ መፍቻውን ወደ እኔ ወረወረው። አለቀስኩ፤ ተናደድኩበትም።

ዛሬ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ስልኬን ብጠይቀው ወዲያው ይነግረኛል፤ ጾም ሳይገባ በራችንን የሚያንኳኳ ግን የለም። ያኔ እጁ ደህና ነበር። የጎደለው ከእኔ የሚወጣ አንድ ቃል ነበር። መፍቻውን አንስቼ ወደማይሆን ጎን ሳዞረው ደግሞ ተቆጣኝ።

«ወደ ግራ! ቀስ ብለሽ... አባትሽንም ጥሪው።»