«ዘይት» ብቻ ብሎኝ

እኔ ቶሎ የምቆጣ ሴት አይደለሁም። ጎረቤት እንኳ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሰምቶኝ አያውቅም። አዳማ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ያደረገኝን ባሰብኩ ቁጥር ግን ዛሬም ንዴቱ ያንገበግበኛል።

ነገሩ የሲዲ ማጫወቻዬ ነው። በዞርኩበት አብራኝ ትዞራለች። ቡልቡላ ወንዱ ልጄ ዘንድ ስከርምም፣ አዳማ ሴቷ ዘንድ ስመለስም በነጠላ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ነው የማስቀምጣት። የመኪናው ረዳት «እማማ፣ ዕቃው ጣሪያ ላይ ይጫን» ሲለኝ «አንተው ጣሪያ ላይ ተጫን» እለዋለሁ። የምታጫውትልኝ አንድ ሲዲ ብቻ ነው፤ በሴቷ ልጄ ሰርግ እህቴ ስትዘፍን የተቀዳ። እህቴን አርሲ ነገሌ ከቀበርናት ወዲህ ድምጿ የቀረው እዚያች ላይ ብቻ ነው። ሲዲዋ ተጫጭራለች፤ ልጄ ልታስገለብጣት ስንት ቤት ይዛት ዞራ ከኔዋ ማጫወቻ በቀር የሚያነባት ጠፋ።

የቡልቡላን አቧራ መቼም ታውቁታላችሁ፣ የተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ባለፈው በጋ ከዚያ ስመለስ የማጫወቻዋ የሲዲ ማስገቢያ መሳቢያ ግማሽ ወጥቶ እያቃሰተ ቀጥ አለ። ለጠጋኙ ወሰድኩለት። አልፈታትም። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ መሳቢያውን በአንድ ጣቱ ነካ ነካ አደረገና፣

«ደርቃ ነው እማማ። ዘይት ጠብ ያድርጉባት» አለኝ።

«ዘይት ብቻ?»

«ዘይት ብቻ።»

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ተቀምጬ ነው። እኔ ቤት ዘይት ማለት ዘይት ነው። የሚረጋው የሱቅ ዘይት እንዳይጎዳት ፈራሁና ለጾም ወጥ እንኳ የምሰስተውን የኑግ ዘይት አወጣሁ። በሻሽ አጥልዬ በዶሮ ላባ ጠብ ጠብ አደረግኩባት፣ ያለ ስስት። መሳቢያው ሹልክ ብሎ ወጣ። እህቴም ዘፈነች። ጠጋኙን መረቅኩት! ምርቃት የሚመለስ ቢሆን ያን ቀን የሰጠሁትን ሄጄ እቀበለው ነበር።

ሳምንት አልሞላም። ኑግ ሲከርም እንደ ሙጫ ነው፤ መጥበሻ ያጠበች ሁሉ ታውቀዋለች፣ እኔም አውቀው ነበር፣ የባሰ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። መሳቢያው ተጣበቀ። ሲዲዋ ትንሽ ዞር ትልና ትቆማለች። ድምፅ የለም።

ተመልሼ ሄድኩ። ክዳኗን ፈታ፣ አሸተተ፣ በሳቅ ፈረሰ። ቻርጀር ሊያሠራ የቆመ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ እሱን ጠራው።

«ና እየው! እማማ ሲዲዋን ወጥ ሠርተውባታል! ሽንኩርት ብቻ ነው የቀራት!»

ሹፌሩም ሳቀ። እኔ ጠጋኙ ላይ አፈጠጥኩ።

«ዘይት ያለኝ ማን ነው?»

«የሚበላ ዘይት መቼ አልኩ? ደግሞ ለዚህች የሚሆናት ግራሶ ነው።»

«ታዲያ ግራሶ ለማለት አፍህን ምን ያዘው?»

«አያውቁትም ብዬ ነዋ፣ እማማ።»

አያውቁትም! ባሌ ዕድሜውን ጋራዥ ውስጥ የጨረሰ ሰው ነው። ከቱታው ግራሶ ሳጥብ ጥፍሬ ያለቀው የኔ ነው!

«በል ፍታት» አልኩት።

«ይተዉልኝና ነገ…»

«ነገ የለም። አንተ ትፈታለህ፣ እኔ እጠርጋለሁ።»

በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ጥርስ ጥርስ ያላቸውን ነጫጭ የፕላስቲክ መዘውሮች እየነቀለ ሰጠኝ። ጥጥ እንጨት ላይ ጠቅልዬ፣ በአልኮል እየነከርኩ በየጥርሱ መሀል ጠረግኩ። ጥጡ ጥቁር ጭቃ ይዞ ይወጣል፤ አቧራውና የኔ ኑግ አብረው ቦክተው። ሌንሷ የምትመላለስባቸውን ሁለት ቀጫጭን ብረቶችም ወለወልኩ። መሳቢያውን የሚጎትተው ላስቲክ ዘይት ጠጥቶ አብጧል፤ ከአሮጌ ማጫወቻ ሌላ ፈትቶ ቀየረው። ሌንሷ ላይ ስደርስ ግን «ይቺን ለኔ ይተዉልኝ» አለ ቀስ ብሎ፣ ትንፋሹን ውጦ ጠረጋት። ከዚያ በክብሪት እንጨት ጫፍ ግራሶ ቆነጠረና መዘውሮቹን ቀባ። የጤፍ ፍሬ ታህል ነበር።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። ከበዛ አቧራ ይሰበስባል።»

ይህን የዚያን ቀን ቢነግረኝ ምን ይጎድልበት ነበር?

ሲዲዋን አስገባሁ። ዞረች። መነሻውን ፈለገች፣ ፈለገች። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ከዚያ ከበሮው፣ ከዚያ እህቴ፣ ያ ሻከር ያለ ድምጿ።

«በሉ፣ እንኳን ደስ ያለዎት!» ብሎ ጠጋኙ ሊያጠፋት እጁን ሰደደ። እጁን መታሁት።

«አትንካት! እስክትጨርስ ትሰማታለህ።»

«ኧረ እማማ፣ ደንበኛ ቆሟል…»

«ይቁም።»

ሹፌሩ «አኮ፣ እኔ አልቸኩልም» አለ፤ አያቴ ማለቱ ነው በኦሮምኛ። ጠጋኙ ግራሶ የነካ እጁን አንጠልጥሎ ቆመ። እህቴ ግጥም መደርደር ከጀመረች ማቆሚያ አታውቅም። ሙሉውን አሰማሁት።