ለታን የመሰለው ሐውልት

አቶ ደገፋ ሕያው ሰው ቀርጸው አያውቁም። ከአሰላ ወደ ሳጉሬ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ ዳስ ሥር ተቀምጠው የመቃብር ድንጋይ ሲጠርቡና ቀለም ሲቀቡ ዕድሜያቸውን ፈጅተዋል። ሟቹ ፈረሰኛ ከነበረ ከነፈረሱ፣ ገበሬ ከነበረ ከነበሬዎቹ በድንጋዩ ላይ ይወጣል። በዚያ አገር መንገድ ዳር እንዲህ ቆሞ የሚታይ ሰው የሞተ ሰው ነው፤ መንገደኛውም ይህን ስለሚያውቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያልፋል። አንድ ጊዜ አንድ የዲክሲስ ባለጸጋ የራሱን ምስል በቁሙ ሊያስቀርጽ መጥቶ ነበር፤ አቶ ደገፋ ሻይ ጋብዘው ሸኙት።

ሟቾቹ ወደ እሳቸው የሚመጡት በፎቶግራፍ ነው። ብዙውን ጊዜ ከመታወቂያ የተወሰደ፣ ፊት ለፊት የሚያይ ጉርድ ፎቶ ነው። ስለዚህ አቶ ደገፋ የቀረጹት ሰው ሁሉ ከጆሮው በስተኋላ ልሙጥ ድንጋይ ነው። ያላዩትን አይጨምሩም።

ከዲሮ የተባለው የኦጎልቾ እህል ነጋዴ ወሬውን ያመጣው እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ሰው ነበር። ከአዲስ አበባ ሲመለስ ከዳሱ ጎራ አለና፣ ከታክሲ መስኮት አንድ ሐውልት ማየቱን ተናገረ። አካፋ የያዘ ጎረምሳ ነው፤ ግንባሩም፣ አፍንጫውም፣ አንገቱን ዘመም ማድረጉም ቁርጥ ልጃቸውን ለታን ነው። ቦታውን ግን አያውቀውም። ታክሲው እየሮጠ ስለነበር የሚያስታውሰው ትልቅ የብረት በርና አንድ የግራር ዛፍ ብቻ ነው። ይህን ተናግሮ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። ለምን እንደ ጣለ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ለታ የአቶ ደገፋ የመጨረሻ ልጅ ነው። ለግንባታ ሥራ አዲስ አበባ ከገባ ጀምሮ እሑድ እሑድ ይደውል ነበር፤ ከክረምቱ መግቢያ ወዲህ ግን ስልኩ አይጠራም። የከዲሮ ወሬ ከተሰማ በኋላ የሰፈሩ ሰው ሰላምታውን አሳጠረ፤ አቶ ደገፋን ሲያይ ጨዋታውን ያቋርጥ ጀመር። እሳቸውም ጎህ ሲቀድ ተነሥተው በራቸውን ያዳምጣሉ፤ መርዶ የሚነገረው በዚያ ሰዓት ነውና። በመጨረሻም ባለቤታቸው ወርቅቱ እንዳትጠረጥር ዓይኔን ልታከም ነው ብለው ከሴት ልጃቸው ከሶረቲ ጋር ወደ አዲስ አበባ ተሳፈሩ።

ሶረቲ አስተማሪ ናት፤ አዲስ አበባን የምታውቀው በተማሪነቷ ዘመን ነው። ሐውልት በተባለ ሁሉ ፊት አባቷን ልታቆማቸው ቆርጣለች። የመጀመሪያው በብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ያለው የድንጋይ አንበሳ ነበር። አቶ ደገፋ ሰው አለመሆኑን ሲያዩ እርምጃቸውን ፈጠን አደረጉ። ፒያሳ ሲደርሱ ግን ከሩቅ አንድ የቆመ ሰው ታያቸውና ባሉበት ቆሙ። ሶረቲ አቡነ ጴጥሮስ መሆናቸውን፣ ልብሳቸውም የጳጳስ መሆኑን ብታስረዳቸውም፣ ቀርበው ፊቱን እስኪያዩ ድረስ አላመኑም።

ስድስት ኪሎ ላይ ነገሩ ባሰ። በየካቲት ዐሥራ ሁለቱ ሐውልት ላይ የተገደሉና የወደቁ ሰዎች ተቀርጸዋል። አቶ ደገፋ ዙሪያውን እየዞሩ የእያንዳንዱን ፊት ይመረምሩ ጀመር።

«አባ፣ እነዚህ እኮ አንተ ሳትወለድ ያለቁ ናቸው» አለች ሶረቲ።

«አውቃለሁ። ቢሆንም ሳላየው የሚቀር ፊት አይኑር።»

ወረድ ብሎ ካለው ከጢማሙ የካርል ማርክስ ራስ ፊት ሲደርሱ ቀና ብለው አዩትና፣ ይህስ ለታ አይደለም፣ የእኔ ልጅ እንዲህ ያለ ጢም ለማብቀል ገና ብዙ ይቀረዋል አሉ። ሶረቲ ሳቀች፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ስመ ጥሩዎቹ ሐውልቶች እያለቁ በሄዱ ቁጥር ፍርሃታቸው ይጨምር ነበር፤ የቀረው ማንም የማይጎበኘው ብቻ ነውና።

እሱንም የጠቆማቸው መንገድ ዳር መጽሐፍ የሚሸጥ ሰው ነው። ከጀርባ ባለው መንገድ፣ ተማሪዎች ከጭቃ ሰው የሚሠሩበት ትምህርት ቤት አለ አላቸው። ሄዱ። በሩ የብረት ነው፤ ከውስጥ ግራር ቆሟል።

ሶረቲ ቀድማ ልታይ ፈለገች። አቶ ደገፋ ክንዷን ይዘው አስቀሯት። ሙንተሲር የተባለው ዘበኛ የመጡበትን ጠይቆ ወደ ግቢው መራቸው። ከዛፉ ሥር፣ ከእግሩ እስከ ራሱ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ነገር ቆሟል። ጭቃው እንዳይሰነጠቅ ነው አለ ዘበኛው። አቶ ደገፋ ያዩት ግን የተገነዘ ሰው ነበር። ሙንተሲር ጨርቁን ከራሱ ጀምሮ ሲፈታ መጀመሪያ ግንባሩ፣ ቀጥሎ አፍንጫው፣ ከዚያ ዘመም ያለው አንገት ወጣ።

ሶረቲ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አባቷ አላለቀሱም። ፊቱን ትተው በስተኋላ ዞሩና በጣታቸው ከግራ ጆሮው ጀርባ ዳበሱ። እዚያ ማጭድ የመሰለች ጠባሳ አለች። ለታ ሕፃን ሳለ ከአባቱ መሮ የተፈናጠረች የድንጋይ ስባሪ ያተመችበት ናት። በየትኛውም ፎቶግራፍ ላይ አትታይም።

«ይህ ሰው፣ ሲሠሩት፣ ፊታቸው ቆሞ ነበር?» ብለው ጠየቁ።

«ቆሞ እንጂ፣ አባቴ! ሥራ ሲያጣ እየመጣ ለተማሪዎቹ ይቆማል። ይኸው እጆቹ አላለቁም፤ ነገ ጠዋት ቀጥረውታል» አለ ሙንተሲር። ቀጥሎም ልጁ ስልኩን ከነቁጥሮቹ ከተሰረቀ ወዲህ ባዶ እጄን አገሬ አልገባም እንደሚል፣ ከፍ ባለ ፎቅ ላይ በቀን ሥራ እንደሚውል፣ ባለፈው ቀጠሮ ግን ሳይመጣ መቅረቱን ነገራቸው።

«ሳይመጣ ቀረ» የሚለው ቃል ከአቶ ደገፋ ራስ አልወጣ አለ። ከፎቅ የሚወድቁትን ያውቃሉ፤ የስንቱን ድንጋይ ጠርበዋል። ሕያው ሰው ሊቀረጽ አይገባም ብለው የኖሩ ሰው ናቸው፤ አሁን የገዛ ልጃቸው ምስል ሊያልቅ የቀሩት እጆቹ ብቻ ናቸው፤ ምስሉ ያለቀለት ሰው ደግሞ ለእሳቸው የሞተ ነው።

በማግሥቱ ዘበኛው በሩን ሲከፍት አቶ ደገፋና ሶረቲ ደጁ ላይ ነበሩ። ፀሐይ ግራሩን አልፋ ወጣች። ተማሪዎቹ ጭቃቸውን አራሱ። ሶረቲ ሻይ ይዛ መጣች፤ ሻዩ በአባቷ እጅ ላይ ቀዘቀዘ። ከዚያ በኋላ ነው ከመንገዱ ታች ሲሚንቶ የለበሰ ጫማ ያደረገ ጎረምሳ አንገቱን ዘመም አድርጎ ብቅ ያለው።

ለታ አባቱን ሲያይ ባለበት ደረቀ። አቶ ደገፋ ለቀብር ካልሆነ ከአሰላ ርቀው አይሄዱም፤ ልጆቻቸው ሁሉ ይህን ያውቃሉ። ፊቱ ከጭቃው ይልቅ ገረጣ።

«አባ፣ ማን ሞቶ ነው? እማዬ ናት?»

አቶ ደገፋ ቀረቡትና ራሱን ወደ ጎን አዘንብለው ጣታቸውን ከጆሮው ጀርባ አሳረፉ። ሞቃት ነበር።

«ማንም አልሞተም» አሉ ኋላ። «እናትህ ድምፅህን ትጠብቃለች፤ ከእህትህ ስልክ ደውል።»

ተማሪዎቹ አካፋውን ይዘው ይጠብቁት ነበር። ለታ እጆቹን ሠርተው እስኪጨርሱ ቆሜላቸው ቶሎ ልመለስ ብሎ ቢጠይቅ አባቱ ክንዱን አልለቀቁም።

«እጆችህ እንዲሁ ይቅሩ» አሉ። «እንዳያልቅ።»

ይዘውት ሄዱ። ከብረቱ በር እስኪወጡ ድረስ አቶ ደገፋ ሁለት ጊዜ ዞረው አዩ፤ ሙንተሲር ሐውልቱን በእርጥቡ ጨርቅ መልሶ እየጠቀለለው ነበር።