«ለሁለት ቀን ብቻ» የተፈታችው ፒክአፕ

ካዛንቺስ ባለው የመሥሪያ ቤታችን ጋራዥ ውስጥ አንዲት ነጭ ፒክአፕ በአራት ድንጋይ ላይ ቆማለች። ለዚህ ያበቃኋት እኔ ነኝ። ጋራዡን የማስተዳድረው እኔ ስለሆንኩ በሌላ ሰው ላሳብብ አልችልም።

ሙያውን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም። የጥገና መጽሐፍና መዝገበ ቃላት ጎን ለጎን ዘርግቼ ነው ያወቅኩት። የተጻፈ ነገር የማከብረው ለዚህ ይሆናል። ልጆቼንም «ያልተጻፈ ቃል አትመኑ» እያልኩ እስኪሰለቻቸው ድረስ መክሬያለሁ።

ፒክአፗ መጀመሪያ የቆመችው ፍሪሲዮኗ አልቆ ነው። ዲስኩ እንዲገዛ ጠየቅን፤ ወራት አለፉ። በዚህ መሃል አንድ ጠዋት የአስተዳደር ኃላፊው ደወሉ። የዋና ዳይሬክተሩ መኪና ሞተሪኖው ተቃጥሎ አልነሳ ብሏል።

«ከቆመችው ፍታና ግጠምለት።»

«በደብዳቤ ይዘዙኝ፣ ጌታዬ።»

«ወረቀቱ ይደርስሃል በቃ! ለሁለት ቀን ብቻ ነው እኮ።»

ፈታሁ። ወረቀቱ አልደረሰም። በሌላ ሳምንት ባትሪው ሄደ፣ ቀጥሎ ራዲያተሩ፣ በመጨረሻም ጎማዎቹ፤ ሁሉም ለሁለት ቀን፣ ሁሉም በስልክ። አንድ ቀን እንኳ እምቢ አላልኩም።

ከዚያ ዲስኩ ተገዝቶ መጣ። ካርቶኑን ታቅፎ የገባው መኪናዋ በስሙ የተመዘገበችበት ሹፌር ነው። ከቆመች ወዲህ ክፍለ ሀገር ተመድቦ ስለነበር አላያትም። ጡረታ ለመውጣት ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ መኪናዋን ከነሙሉ ዕቃዋ ካላስረከበ ክሊራንስ አያገኝም።

ኮፈኑን ከፈተና ቆሞ ቀረ።

«አንተ ሰውዬ፣ ለገሃር እንደቀረ ፉርጎ አደረግካት እኮ!»

«ታዝዤ ነው» አልኩት።

«ትዕዛዙ የታለ?»

«በስልክ ነው።»

«በስልክ? ለእኛ ያለ ፊርማ አንድ ሊትር ናፍጣ ቀድተህልን ታውቃለህ?»

አላውቅም።

አብረን ወደ ኃላፊው ቢሮ ወጣን። ኃላፊው ብዙም አልተጨነቁም። «ለጊዜው ዕቃዎቹ በእጁ እንደጠፉ አድርጎ ይፈርም፤ በኋላ እናስተካክለዋለን» አሉ። ሹፌሩ ዞሮ አየኝ። ዕድሜውን ሙሉ መሪ የያዘ ሰው ንብረት አጠፋ ተብሎ ሊሸኝ ነው፤ ያውም እኔ በፈታሁት።

እዚያው ወረቀት ጠይቄ ጻፍኩ። የትኛው ዕቃ ወደየትኛው መኪና እንደሄደ፣ ያለ ጽሑፍ ትዕዛዝ የፈታሁትም እኔ መሆኔን አንድ በአንድ ዘርዝሬ ፈረምኩ።

«ራስህን እኮ ነው የከሰስከው!» አሉኝ ኃላፊው።

«አዎ» አልኩ። ይህን ጀግንነት ብዬ ለልጆቼ አላወራውም። ወረቀቱን መጻፍ የነበረብኝ ሞተሪኖውን በፈታሁበት ቀን ነበር።

ሹፌሩ ክሊራንሱን አገኘ። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ይህኛው ወረቀት አልዘገየም።

ባለፈው ሳምንት ኃላፊው እንደገና ደወሉ። አሁን ደግሞ የተፈለገው ዲናሞዋ ነው። «በደብዳቤ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ደብዳቤው ማኅተም አርፎበት እጄ ለመግባት አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። ቢሮው ከጋራዡ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ያን ሁሉ ወራት እዚያው ነበር። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብቤ ፋይል ውስጥ አስገባሁ። ከዚያ ቁልፌን ይዤ ዲናሞዋን ልፈታ ሄድኩ።