ለትርኢት የታዘዙት የቡታጅራ ሰይፎች

ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ የተነሣሁት ልጣላ ነው። የድሮ ዘመን ጦርነት በትርኢት የሚያሳይ ቡድን አለን። ቅዳሜ አዲሶቹን ሰይፎች ይዘን ስንለማመድ የጓደኛዬ የዮሴፍ ሁለት ጣቶች ተቆረጡ። የሰነዘርኩት እኔ ነኝ። የትርኢት ሰይፍ ይቆርጣል እንዴ! ሰይፎቹን የሠሩት ቡታጅራ ያሉት ቀጥቃጭ ጋሽ ነስሩ ስለሆኑ፣ ሆስፒታል ውስጥ ለጠየቀኝ ሁሉ «ሰውየው ናቸው ጉድ የሠሩን» ስል ቆየሁ።

ጥያ ላይ ሚኒባሱ ለቁርስ ቆመ። የሰይፎቹን ቅርጽ የወሰድኩት እዚያ ካሉት ትክል ድንጋዮች ነው። መቃብር ላይ የተቀረጸ ሰይፍ ፎቶ አንስቼ ለጨዋታ ሳስቀዳ ምንም አልመሰለኝም ነበር። ሻዩን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ቡታጅራ፣ ሦስት ሰዓት

ጋሽ ነስሩ ከገበያው ጀርባ ካለው መሥሪያቸው ብቅ ብለው «አሰላሙ ዓለይኩም! እንዴት ነው፣ ቆረጠ?» አሉኝ፣ ፊታቸው በርቶ።

«ጓደኛዬን ቆረጠ! ለጨዋታ እኮ ነው ያዘዝኩት፣ ጋሼ!»

ፈገግታቸው ጠፋ። «መቼ ነገርከኝ? ‹እንደ ድሮው ይሁን› አልክ። የድሮው ስለት አልነበረውም? ደንዞ ከእጄ የወጣ ነገር የለም፤ አገሩ ምን ይለኛል?»

 ለጨዋታ ነው ካልኳቸው ንቀው ቆርቆሮ ነገር ይሰጡኛል ብዬ ሆን ብዬ ደብቄያቸው ነበር።

በርጩማቸው ላይ ዝርፍጥ አሉ። «ወላሂ፣ የጉብሬ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያንተን እዚህ አይተው ሁለት አሠርተው ትናንት ወሰዱ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት በዓል አለን ብለዋል። ይዘው የሚቆሙበት መስሎኝ...»

የተማሪዎቹ ስልክ ቢደወል አይነሣም። ጋሽ ነስሩ ሞረዳቸውን ኪሳቸው ከተው መሥሪያቸውን ቆለፉ።

ጉብሬ፣ ስምንት ሰዓት

የዘቢዳርን ዳገት በጉም ውስጥ ስንወጣ ሚኒባሱ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ይቆማል። ጋሽ ነስሩ ከንፈራቸው ሳያርፍ ዱዓ ያደርጋሉ። እኔ የዮሴፍን ጩኸት እሰማ ነበር። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ።

ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ስንገባ ሁለት ተማሪዎች ለልምምድ መድረክ ላይ ሰይፍ ይዘው ተፋጠዋል። «ጣሉት!» ብለው ጋሽ ነስሩ ጮኹ። አንዷ ልጅ ደንግጣ ለቀቀችው፤ የመድረኩን መጋረጃ ከላይ እስከ ታች ቀዶ ወደቀ። 

ጋሽ ነስሩ መድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሞረዱን አወጡ። እጃቸው ስለቱን ያጠፋል፣ ዓይናቸው ግድግዳ ላይ ነው። «በሕይወቴ ስለት ገድዬ አላውቅም» አሉኝ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስል «ሂድ፣ ጓደኛህን ይቅርታ ጠይቅ» ብለው መሞረዳቸውን ቀጠሉ።

ስመለስ ወልቂጤ ላይ ክትፎ አዝዤ፣ የሚጥሚጣው ቅቤ ቆጮው ላይ ሲፈስ ደም መስሎ ስለታየኝ ትቼው ወጣሁ።

አዲስ አበባ፣ ማክሰኞ ጠዋት

ከዚህ መንገድ የተማርኩት ነገር አጭር ነው፦ ሥራው ለምን እንደሚውል ለሠሪው ያልነገረ ሰው ጥፋቱን ሊያሸክመው አይችልም። መጻፉ ቀላል ነው። ሆስፒታል ሄዶ ለዮሴፍ መንገር ግን ከበደኝ።

«እሺ፣ ሰውየው ይቅርታ ጠየቁ?» አለኝ፣ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

«ጥፋቱ የሳቸው አይደለም። ለጨዋታ መሆኑን ደብቄያቸው ነበር።»

 ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«በሩን ከውጭ ዝጋው» አለኝ።